ግንባሩን ያላጠፈው ተከላካይ
የቢሊ ማክኒል የጨዋታ ዘመንና ትቶት ያለፈው ጥያቄ

በእግር ኳስ ዓለም ዝናን በብዛት የሚያተርፈው ግብ አግቢው ነው። የተከላካዩ ሥራ የሚለካው ሊደርስ የነበረው ጥፋት ባለመድረሱ ስለሆነ፣ እንደ ግድብና እንደ ድልድይ ሁሉ፣ ሥራው በደንብ እስከተሠራ ድረስ ልብ ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሲሰነጠቅ ግን ሁሉም ቀና ብሎ ይመለከተዋል። ከዚህ ልማድ ወጥቶ ስማቸው ከታላላቅ አጥቂዎች ጋር እኩል ሲነሣ ከኖረ ተከላካዮች መካከል አንዱ የግላስጎው ሴልቲክ ክለብ አምበል የነበረው ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ማክኒል ነው። እግር ኳስ ወዳዱ ሕዝብ የሚያውቀው ግን ቢሊ ማክኒል በሚለው ስሙ ነው።

ማክኒል በ1957 ሴልቲክን ከተቀላቀለበት ዕለት አንሥቶ በ1975 ጨዋታ እስካቆመበት ጊዜ ድረስ ከዚህ ክለብ ውጭ ለሌላ ክለብ አልተጫወተም። በክለቡ መዝገብ እንደ ሰፈረው 822 ጊዜ ሲሰለፍ አንድም ቀን ተቀይሮ አልወጣም። በዚህ ሁሉ ዘመን ዋናው የሥራ መሣሪያው ግንባሩ ነበረ። በኢትዮጵያ ሜዳዎች ቴስታ እየተባለ የሚጠራው ኳስን በግንባር የመግጨት ጥበብ ለማክኒል መከላከያውም ማጥቂያውም ነበረ፤ ክለቡንም ለታላቅ ክብር ያበቃው በአብዛኛው በዚሁ ጥበብ ነው። በሕይወቱ መጨረሻ ግን ይኸው ሰው ትዝታውንና ንግግሩን በሚነጥቅ የአእምሮ በሽታ ተይዞ ዓመታትን አሳለፈ። ከሞተም በኋላ ብዙ ሳይቆይ በኖረባት ከተማ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት፣ የእርሱንና የእኩዮቹን የሥራ ዘመን በሌላ ዓይን ለመመልከት አስገደደ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱን ገጽታዎች፣ ይኸውም ክብሩንና ዋጋውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የከሰልና የብረት አገር

ማክኒል የተወለደው መጋቢት 2 ቀን 1940 ከግላስጎው በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በቤልስሂል ከተማ ነው። ቤልስሂል በላናርክሻየር አውራጃ ውስጥ የከሰል ማዕድንና የብረት ሥራ የፈጠራት ከተማ ነበረች። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ከአየርላንድም፣ ከሩቅ ሊትዌንያም እንጀራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች በማዕድኖቿ ውስጥ ተቀጥረው ሲሠሩ ኖረዋል። የማክኒልም ትውልድ ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በእናቱ በኩል ከሊትዌንያውያን፣ በአባቱ በኩል ደግሞ ከአይሪሾች ወገን ነበረ። 

ይህች የሠራተኞች መንደር የምታወጣው ከሰልና ብረት ብቻ አልነበረም። የማንቼስተር ዩናይትድ አሠልጣኝ የነበረው ማት ባዝቢና በ1920ዎቹ ዓመታት ስመ ጥር የነበረው አጥቂ ሂዩይ ጋላከር የዚሁ አካባቢ ልጆች ናቸው። ከጉድጓዱ ጨለማ ወጥቶ በሣር ላይ መሮጥ ለእነዚህ መንደሮች ወጣቶች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ከአባቶቻቸው ዕጣ የሚያመልጡበት መንገድም ነበረ።

የማክኒል አባት ወታደር ስለነበረ ቤተሰቡ ለጥቂት ዓመታት በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድ ከተማ ኖሯል። በዚያ የሚገኘው ትምህርት ቤቱ የራግቢ እንጂ የእግር ኳስ ቤት አልነበረም። ወደ ስኮትላንድ ከተመለሱ በኋላ ግን ብላቴናው በማዘርዌል ከተማ፣ ቀደም ሲል ማት ባዝቢም በተማረበት ትምህርት ቤት ገብቶ እግር ኳስን ያዘ። ለስኮትላንድ ተማሪዎች ቡድን ተሰልፎ ከእንግሊዝ አቻዎቹ ጋር ሲጋጠም ከተመለከቱት ሰዎች መካከል የሴልቲክ ተጠባባቂ ቡድን አሠልጣኝ የነበረው ጆክ ስታይን ይገኝበት ነበር። ስታይን ራሱ ወጣትነቱን በከሰል ማዕድን ውስጥ ያሳለፈ፣ በኋላም የሴልቲክ መሐል ተከላካይና አምበል ሆኖ የተጫወተ፣ በቁርጭምጭሚት ጉዳት ምክንያት ጨዋታን የተወ ሰው ነበረ። ከራሱ የሥራ መስክ የሚሆነውን ልጅ ለመለየት አልተቸገረም። በ1957 ሴልቲክ 250 ፓውንድ ከፍሎ ማክኒልን ብላንታየር ቪክቶሪያ ከተባለው አነስተኛ ክለብ ወሰደው።

የድርቅ ዓመታት

ሴልቲክ በ1887 በግላስጎው ምሥራቃዊ ክፍል ለሚኖሩ ችግረኛ የአየርላንድ ስደተኞች ርዳታ ለማሰባሰብ ሲባል የተመሠረተ ክለብ ነው። ማክኒል ነሐሴ 1958 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋናው ቡድን ሲሰለፍ ግን ይህ ባለታሪክ ክለብ በመዳከም ላይ ነበረ። ከጥቅምት 1957 በኋላ ከሰባት ዓመት በላይ አንድም ታላቅ ዋንጫ አላገኘም። ወጣቶቹ ተጫዋቾች ተሰጥኦ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው አስተባባሪ እጅ ነበር። ስታይንም ቢሆን በ1960 ዳንፈርምሊን የተባለውን ክለብ ለማሠልጠን ሄዶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በስኮትላንድ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ ሴልቲክን ያሸነፈው ይኸው የስታይን ዳንፈርምሊን ሆነ።

የማክኒል የብሔራዊ ቡድን አጀማመርም የሚያስደስት አልነበረም። ሚያዝያ 15 ቀን 1961 በዌምብሌይ ስታዲየም ለስኮትላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈበት ዕለት እንግሊዝ 9 ለ 3 አሸነፈች። ለአንድ መሐል ተከላካይ ከዚህ የከፋ የመጀመሪያ ቀን ማሰብ ያስቸግራል። ሆኖም በዚያ ዕለት አንገቱን አልደፋም፤ እስከ 1972 ድረስ 29 ጊዜ የአገሩን ማልያ ለብሷል።

ከዚያ በኋላም ሽንፈቱ አላቋረጠም። በ1963 ሴልቲክ በስኮትላንድ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ በባላንጣው በሬንጀርስ ተሸነፈ። በ1964 በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር የሃንጋሪን ኤም.ቲ.ኬ. በግላስጎው 3 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ፣ በቡዳፔስት 4 ለ 0 ተረትቶ ከመጨረሻው ግጥሚያ ደጃፍ ተመለሰ። ሦስት ግብ ይዞ ሄዶ አራት ተቆጥሮበት የተመለሰ ቡድን ምን እንደሚጎድለው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ዘጠና ደቂቃ ሊሞላ ዘጠኝ ሲቀረው

በመጋቢት 1965 ስታይን አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ሴልቲክ ተመለሰ። ሚያዝያ 24 ቀን በሐምፕደን ፓርክ ስታዲየም ከመቶ ሺህ በላይ ተመልካች በተገኘበት በስኮትላንድ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ ሴልቲክና ዳንፈርምሊን ተገናኙ። ዳንፈርምሊን ሁለት ጊዜ መራ፤ በርቲ ኦልድ የተባለው የሴልቲክ ተጫዋችም ሁለት ጊዜ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሲቀር ቻርሊ ጋላገር የማዕዘን ምት መታ። ማክኒል ከኋላ ተንደርድሮ መጥቶ ከሁሉም በላይ ዘለለና ኳሱን በግንባሩ ገጭቶ መረብ ውስጥ አሳረፈው። ውጤቱ 3 ለ 2 ሆነ፤ የድርቁም ዘመን በዚሁ አበቃ።

በዚያን ጊዜ በብዙ ቡድኖች ዘንድ የመሐል ተከላካይ ቦታ ከበረኛው ፊት ለፊት ነበረ፤ የመሐሉን መሥመር አልፎ መሄድ እንደ ድፍረት ይቆጠርበት ነበር። ስታይን ግን ይህን ረጅም ሰው በማዕዘን ምት ጊዜ ወደ ተቃራኒው በር እንዲሄድ አደረገው። የሐምፕደኗ ግብ የዚህ ዘዴ የመጀመሪያ ታላቅ ፍሬ ሆነች። በዚያው ዓመት የስኮትላንድ እግር ኳስ ጸሐፊዎች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚለውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተሸላሚው ማክኒል ነበረ።

የጓደኞቹ ቅጽል ስም ለእርሱ «ሴዛር» ነበር። ስሙ የመጣው ከሮማው ቄሣር ሳይሆን በ1960 በታየ አንድ የአሜሪካ ፊልም ላይ ከሠራው ሴዛር ሮሜሮ ከተባለ ተዋናይ ነው። ምክንያቱም ከወጣት ጓደኞቹ መካከል መኪና የነበረው እርሱ ስለ ነበር ነው። ጊዜ እያለፈ ሲሄድ ግን ሕዝቡ የስሙን ምንጭ ረሳና ትርጉሙን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አዞረው። ቀጥ ብሎ የሚራመድና ደረቱን የሚነፋ አምበል ስለ ነበረ ስሙ ለመልኩ ተስማማ።

ሊዝበን

በ1966 ሴልቲክ የስኮትላንድን ሊግ አሸነፈ። ይህም እስከ 1974 ድረስ ሳይቋረጥ በተከታታይ ለወሰዳቸው ዘጠኝ የሊግ ዋንጫዎች መጀመሪያ ሆነ። የሊግ አሸናፊ በመሆኑም በ1966-67 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ውድድር ውስጥ ገባ። የስዊስን ዙሪክንና የፈረንሳይን ናንት ካለፈ በኋላ ከዩጎዝላቪያው ቮይቮዲና ጋር ተገናኘ። በመጀመሪያው ግጥሚያ በኖቪሳድ 1 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። መጋቢት 8 ቀን 1967 በግላስጎው በተደረገው መልስ ሴልቲክ አንድ ግብ አስቆጥሮ ሒሳቡን እኩል አደረገ። ጨዋታው ሊያበቃ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀር ጋላገር እንደ ገና የማዕዘን ምት መታ፤ ማክኒልም እንደ ገና በግንባሩ ገጭቶ አገባ። ያቺ ኳስ ወደ ውጭ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቡድኖች በገለልተኛ ሜዳ ሦስተኛ ግጥሚያ ይጠብቃቸው ነበር።

ከዚያም የቼኮዝሎቫኪያውን ዱክላ ፕራግን 3 ለ 1 አሸንፈው፣ በመልሱ ያለ ግብ አቻ ወጥተው ለመጨረሻው ደረሱ። ግንቦት 25 ቀን 1967 በሊዝበን ብሔራዊ ስታዲየም የጠበቃቸው ኢንተር ሚላን ነበር። ኢንተር ይህን ዋንጫ በ1964ና በ1965 ወስዷል። አሠልጣኙ ሄሌኒዮ ኤሬራ ካቴናቾ በተባለው የአጨዋወት ዘዴ የታወቀ ነበረ። ቃሉ በጣሊያንኛ መቀርቀሪያ ማለት ሲሆን፣ ዘዴውም እንደ ስሙ አንድ ግብ አግብቶ በሩን መቀርቀር ነው። በዚያ ዕለትም ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ማዞላ በፍጹም ቅጣት ምት ግብ አስቆጠረና መቀርቀሪያው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የታየው በእግር ኳስ ታሪክ ከተመዘገቡት ተከታታይ ማጥቃቶች አንዱ ነው። የሴልቲክ የኋላ መሥመር ተጫዋቾች ሳይቀሩ ወደ ፊት ሲተሙ፣ ከኋላ ሆነው ሚዛኑን የጠበቁት ማክኒልና ጓደኛው ጆን ክላርክ ነበሩ። በ63ኛው ደቂቃ ቶሚ ጀሜል የተባለው ተከላካይ ከሩቅ አክርሮ መትቶ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ደግሞ ስቲቪ ቻልመርስ ሁለተኛዋን አገባ። ሴልቲክ የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው የብሪታንያ ክለብ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ደግሞ ያሸነፉት አሥራ አንዱም ተጫዋቾች ከግላስጎው ሠላሳ ማይል ባልራቀ ክልል ውስጥ የተወለዱ መሆናቸው ነው። ሕዝቡ ሜዳውን ስላጥለቀለቀው ቡድኑ በሙሉ ወደ ክብር ሰገነቱ መውጣት አልቻለም። ማክኒል ብቻውን ወጥቶ በጠራራው ፀሐይ ዋንጫውን ከራሱ በላይ አነሣው። ያ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ድረስ በግላስጎው ብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

ሽንፈትና ስንብት

ክብር ሁልጊዜ አብሮ አይኖርም። በዚያው ዓመት ከአርጀንቲናው ራሲንግ ክለብ ጋር በተደረገው የዓለም ክለቦች ግጥሚያ፣ በግላስጎው የተቆጠረችው ብቸኛዋ ግብ የማክኒል ቴስታ ነበረች፤ ይሁን እንጂ ሴልቲክ በቡዌኖስ አይረስ፣ ቀጥሎም በሞንቴቪዴዮ ተሸንፎ ዋንጫውን አጣ። በ1969 በስኮትላንድ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ ሬንጀርስን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ የመጀመሪያዋን ግብ ገና በሁለተኛው ደቂቃ በግንባሩ ያገባው ማክኒል ነበረ። በዚያ የማዕዘን ምት ጊዜ እርሱን እንዲጠብቅ ተመድቦ የነበረው የሬንጀርስ አጥቂ አሌክስ ፈርጉሰን ነበረ። በኋላ በአሠልጣኝነት ዓለም ያወቀው ይህ ሰው ለግቡ ተጠያቂ ሆኖ ብዙ ሳይቆይ ከክለቡ ወጣ።

በ1970 ሴልቲክ ለሁለተኛ ጊዜ ለአውሮፓ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ ደረሰ። ሚላን ላይ ከሆላንዱ ፌየኖርድ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው ተጨማሪው ሰዓት ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ረጅም ኳስ ወደ ሴልቲክ በር መጣ። ማክኒል ወደ ኋላ እየሄደ ሊገጨው ሲሞክር ኳሱ አለፈው፤ በእጁም ነካው። ዳኛው ግን ፊሽካውን አልነፋም፤ ሺንድቫል የተባለው አጥቂ ደርሶ አገባና ዋንጫው ወደ ሮተርዳም ሄደ። ሊዝበን ላይ ዋንጫ ያነሣው ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ የተከላካይን ሥራ ሁለተኛ ገጽ አየ፤ ብዙ መቶ ኳሶችን የመለሰ ግንባር ባመለጠው በአንዱ ይታወሳል።

ማክኒል የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው ግንቦት 3 ቀን 1975፣ ኤርድሪ የተባለውን ክለብ 3 ለ 1 አሸንፈው የስኮትላንድን ዋንጫ በወሰዱበት ዕለት ነው። በአምበልነትና በተጫዋችነት ዘመኑ ዘጠኝ የሊግ፣ ሰባት የስኮትላንድ፣ ስድስት የሊግ ካፕና አንድ የአውሮፓ ዋንጫ አግኝቷል። ከዚያም በ1977 በክላይድ ክለብ አሠልጣኝነትን ጀመረ፤ በዚያው ዓመትም ወደ አበርዲን ተዛወረ። በ1978 ስታይንን ተክቶ የሴልቲክ አሠልጣኝ ሆነና እስከ 1983 ሦስት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በእንግሊዝ ማንቼስተር ሲቲንና አስቶን ቪላን ካሠለጠነ በኋላ በ1987 ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ክለቡ የመቶኛ ዓመቱን ባከበረበት ወቅት ሊጉንና የስኮትላንድን ዋንጫ ደርቦ አስገኘ። በ1991 ከሥራው ተሰናበተ።

የቆዳ ኳስና የቁጥር ቋንቋ

በየካቲት 2017 የማክኒል ቤተሰብ ለሕዝብ አንድ ከባድ ዜና አሰማ። ማክኒል የመርሳት በሽታ እንደ ያዘውና እንደ ልቡ መናገር እንደ ተሳነው ተገለጸ። ሚያዝያ 22 ቀን 2019 በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። ከሰባት ቀን በኋላም የሊዝበኗን የድል ግብ ያገባው ስቲቪ ቻልመርስ ተከተለው፤ እርሱም ለዓመታት በዚሁ በሽታ ሲሠቃይ ነበር። የሁለቱ መሞት በግላስጎው ቀድሞ የነበረን ጥያቄ አጉልቶ አስነሣ፤ ኳስን በግንባር መግጨት አእምሮን ይጎዳልን?

ጥያቄውን ለመመርመር በመጀመሪያ የሥራ መሣሪያውን ማወቅ ይገባል። በጨዋታው ሕግ መሠረት የኳስ ክብደት ጨዋታው ሲጀመር ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ማክኒል ሲጀምር የነበረው ኳስ ከተሰፋ ቆዳ የተሠራ፣ በውስጡም የጎማ ፊኛ ያለው ነበር። ሕጉ የሚመዝነው ደረቁን ኳስ ነው፤ ዝናብ በማያጣው በስኮትላንድ ሜዳ ላይ ግን ቆዳው ውሃ እየጠጣ ጨዋታው እየገፋ በሄደ ቁጥር ይከብድ ነበር። 

ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። 430 ግራም የሚመዝን ኳስ በሴኮንድ 15 ሜትር ፍጥነት ቢመጣና ተገጭቶ በሴኮንድ 10 ሜትር ፍጥነት ቢመለስ፣ ግጭቱም የአንድ ሴኮንድ መቶኛ ያህል ቢፈጅ፣ በግንባር ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ከ1,000 ኒውተን በላይ ይሆናል። ይህም ለቅጽበት ያህል ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ ሸክም ማለት ነው። የራስ ቅል ይህን ይችለዋል፤ አንገቱን አጠንክሮ፣ ጊዜውን አስልቶ የሚገጭ ተጫዋች ሕመም እንኳ ላይሰማው ይችላል። አንዱ ግጭት ስላልጎዳ ግን ሺዎቹ ተደምረው አይጎዱም ማለት አይቻልም።

ይህን ጉዳይ መሐንዲሶች ከሌላ መስክ ያውቁታል። በ1842 በቬርሳይ አጠገብ የአንድ ባቡር ዘንግ ተሰብሮ ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ጠንካራ ብረት ከአቅሙ በታች በሆነ ሸክም እንዴት ሊሰበር ቻለ የሚል ክርክር ተነሣ። ዊሊያም ራንኪን የተባለው ወጣት ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በ1843 ባቀረበው ጽሑፍ ስብራቱ በአንድ ቀን የሚመጣ ሳይሆን በየጉዞው ጥቂት በጥቂት እያደገ የሚሄድ መሆኑን አመለከተ። ራንኪን ከ1855 ጀምሮ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል። በኋላ የብረት ድካም ተብሎ የታወቀው ሐሳብ ይህ ነው። አእምሮ ብረት አይደለምና ምሳሌውን ከልኩ በላይ መለጠጥ አይገባም። ትምህርቱ ግን ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሸክም የሚመዘነው በአንዱ ምት ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በድግግሞሹ ብዛት ጭምር ነው።

ጥናቱ የተናገረው

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። የእንግሊዙ አጥቂ ጄፍ አስል በ2002 በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሞት፣ የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን ሞቱ ከሥራው የመጣ በሽታ ውጤት ነው ሲል ወስኖ ነበር። ይህ ውሳኔ በአንድ ሰው ላይ የተሰጠ ቢሆንም ትርጉሙ ሰፊ ነበር። ከሰል ቆፋሪው በአቧራ ሳንባው ሲጎዳ የሥራ በሽታ እንደሚባለው ሁሉ፣ የኳስ ተጫዋችም የሥራ በሽታ ሊኖረው እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገብ ሰፈረ። ይሁን እንጂ ብዙ ተጫዋቾችን በአንድነት የመረመረ ታላቅ ጥናት እስኪወጣ ድረስ ዐሥራ ሰባት ዓመት አለፈ።

ጥናቱን ያወጣው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ነው። በዶክተር ዊሊ ስቱዋርት የተመራው ቡድን በ1900ና በ1976 መካከል የተወለዱ 7,676 የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን የጤናና የሞት መዝገብ፣ በዕድሜና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው 23,028 ሰዎች መዝገብ ጋር አስተያየ። ውጤቱ ማክኒል በሞተ ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በጥቅምት 2019 ታተመ። በአእምሮ መመንመን በሽታዎች የመሞት ዕድል በተጫዋቾቹ ዘንድ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

ጥናቱ ጨዋታውን በጅምላ የሚኮንን አልነበረም። በልብ ሕመምና በሳንባ ካንሰር የሞቱት ተጫዋቾች ከሌላው ሕዝብ ያነሱ ነበሩ። እስከ ሰባ ዓመት ዕድሜ ድረስ በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸውም አነስተኛ ነበር። ሩጫው ልባቸውን አጠንክሮላቸዋል፤ ዕዳው የተጠየቀው በእርጅና ነው።

በ2021 የታተመው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ተጫዋቾቹን በቦታቸው ለየ። በረኞች ከሌላው ሕዝብ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልነበራቸውም። ከፍተኛው አደጋ የተገኘው በተከላካዮች ላይ ሲሆን እርሱም አምስት እጥፍ ያህል ነበር። ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ የተጫወቱትም እንዲሁ ከአጭር ጊዜ ተጫዋቾች የባሰ ተጎድተዋል። ተከላካይነትና ረጅም የሥራ ዘመን፣ ሁለቱም የማክኒል መለያዎች ናቸው። ይህ ማለት የእርሱ ሕመም ከኳስ መጣ ብሎ መፍረድ አይደለም፤ የብዙ ሰዎች ስሌት ስለ አንድ ሰው ምስክር ሊሆን አይችልምና። ስለ ሙያው ግን የሚናገረው ግልጽ ነው።

ከዚሁ ጥናት አንድ ሌላ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። አደጋው በቆዳ ኳስ ዘመን በነበሩትና ከዚያ በኋላ በመጡት ትውልዶች መካከል ልዩነት አላሳየም። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በከባዱ እርጥብ ኳስ ላይ ጭኖ፣ ውሃ የማይጠጣው አዲሱ ኳስ ችግሩን አስወግዷል ብሎ ያምን ነበር። እዚህ ላይ እንደ ገና ቀላሉን ሒሳብ ማስታወስ ይበቃል። የሚንቀሳቀስ አካል ጉልበት ከክብደቱ ጋር በቀጥታ ሲያድግ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። በሴኮንድ 15 ሜትር የሚጓዝ 430 ግራም ኳስ 48 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል፤ ፍጥነቱ 20 ሜትር ቢሆን ጉልበቱ ወደ 86 ጁል ይደርሳል። ስለዚህ ኳሱ ቀለለ ማለት ብቻውን ግንባሩ ዳነ ማለት አይደለም።

ከክብሩ ቀጥሎ

የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር በየካቲት 2020 ከዐሥራ ሁለት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በልምምድ ጊዜ ኳስ በግንባር እንዳይገጩ መመሪያ አወጣ። በኅዳር 2022 ደግሞ ፕሮፌሽናል ክለቦች ከግጥሚያ በፊትና በኋላ ባለው ቀን የቴስታ ልምምድ እንዳያደርጉ፣ በቀሩት ቀናትም በሳምንት ከአንድ የልምምድ ጊዜ እንዳያልፉ መከረ። ይህ እርምጃ መጠነኛ ቢመስልም በአስተሳሰብ ረገድ ታላቅ ለውጥ ነው። አንድ ተጫዋች በሥራ ዘመኑ ከሚገጫቸው ኳሶች አብዛኞቹ ሕዝብ በሚያያቸው ግጥሚያዎች ሳይሆን በልምምድ ሜዳ ላይ የሚገጩ ናቸው። የሸክሙን ድግግሞሽ ለመቀነስ ከሁሉ የሚቀለው በር ስለዚህ ልምምድ ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ የማክኒልን ክብር አይቀንሰውም። በ1965ቱ የማዕዘን ምት ጊዜ በሐምፕደን የዘለለው ወጣት የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ኳሱ መምጣቱንና የመግጨቱ ኃላፊነት የእርሱ መሆኑን። አማርኛ ጀግናን ሲያወድስ ግንባሩን የማያጥፍ ይለዋል። ማክኒል በዚህ አነጋገር በቃልም በሥጋም ጀግና ነበረ። ይሁን እንጂ ያላጠፈው ሰው ግንባር ምን ያህል ሸክም እንደ ቻለ የመለካቱ ግዴታ የጀግናው ሳይሆን ሥራውን ያዘዙት፣ ከሥራውም የተጠቀሙት ሰዎች ነበረ። የከሰል ማዕድን ባለቤቶች ስለ አቧራ፣ የባቡር ኩባንያዎች ስለ ዘንግ እንዲጠይቁ የተገደዱት ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እግር ኳስም ከዚህ ልማድ አላመለጠም።

ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ በሴልቲክ ስታዲየም መግቢያ የማክኒል የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱ የሊዝበኑን ዕለት የሚያሳይ ሲሆን አምበሉ ዋንጫውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቷል። በግጥሚያ ቀን በዚያ የሚያልፍ ሕዝብ ዓይኑን የሚጥለው ወደ ዋንጫው ነው። በእጆቹ መካከል ያለውንም ግንባር ቆም ብሎ የሚያስተውል ሰው የዚህን ታሪክ ሁለቱንም ገጾች አነበበ ማለት ነው።